ለእትዬ ሰዓዳ ያልተነገረው መርዶ

እትዬ ሰዓዳ ማረፋቸውን የነገሩኝ ወንድማቸው ጋሽ አሊ ናቸው። ከማጀቴ ደውለው ነበር። ክፍል ውስጥ ሆኜ ስለ መጠይቅ አዘገጃጀት እያስተማርኩ ስለነበር ስልኩን ሁለት ጊዜ ዘጋሁባቸው፤ በሦስተኛው ወጥቼ አነሣሁ። እህታቸው በቀደም ከሰዓት በኋላ ማሾ ሲለቅሙ የደም ግፊታቸው ተነሥቶ እንደወደቁ፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ እንዳለፉ፣ በማግስቱ ጠዋት እንደተቀበሩ ረጋ ብለው ነገሩኝ። ትወድሽ ስለነበር ነው የደወልኩልሽ አሉ።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው የሚወደው ሰው ሲሞትበት መጀመሪያ የሚታወሰው ደግነቱ ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለልጃቸው ሳያለቅሱ ሞቱ። ሁለት ዓመት ሙሉ ውስጣቸው አፍነው ያቆዩት ለቅሶ ነበር። እንዲያለቅሱት ማድረግ የምችል ሰው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አላደረግሁትም። ይህን የምጽፈው ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ብሞክርም አይሆንልኝም።

ሸዋ ሮቢት የወረድኩት ለሁለተኛ ዲግሪዬ ጥናት ነበር። የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ በጉምና በብርድ ስላደግሁ የሮቢት ሙቀት ገና ከአውቶቡሱ ስወርድ ነው የጣለኝ። ጥናቴ ሰው ራሱን የመግዛት አቅሙን የሚለካ መጠይቅ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መመለስና ለአገሩ ሰው እንዲስማማ አድርጎ ማዘጋጀት ነው። አማካሪዬ ቱርኮች ይህንኑ የመሰለ መጠይቅ ወደ ቋንቋቸው እንዴት እንደመለሱ የሚያሳይ ጽሑፍ ሰጥቶኝ «ደረጃ በደረጃ እሱን ተከተይ፣ ከራስሽ ምንም አትጨምሪ» ብሎኝ ነበር። መጠይቁ ሲያልቅ ተፈናቃዮችን የሚረዱ ሰዎች ሊሠሩበት አስበዋል። ነጥቡ ዝቅ ያለ ሰው ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይላካል፤ ነጥቡ ከፍ ያለ ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል።

ማንበብ ለማይችሉት ጥያቄውን የሚያነብልኝ የአካባቢው ሰው ስፈልግ የከተማው ሰዎች ከእትዬ ሰዓዳ ጋር አገናኙኝ። ሠላሳ ዓመት አንደኛ ደረጃ ያስተማሩ፣ አጣዬ ስትቃጠል ቤታቸውም አብሮ ተቃጥሎ ከባለቤታቸው ከጋሼ ይመር ጋር ሮቢት አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ሴት ናቸው። አጭር፣ ፈጣን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ። ሲያስቡ የሻሻቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ይይዛሉ። አስተማሪ እንደሆኑ ለማወቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ገና ሰላም ሳልላቸው ወረቀቴን ከእጄ ወስደው የታጠፈውን ጠርዝ ማስተካከል ጀመሩ።

የመጀመሪያውን ትርጉም የሠራነው እኔና አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ነን። ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ሲያመጣው ከዋናው ጋር ልክክ ብሎ ስለነበር ኮርተንበታል። እትዬ ሰዓዳ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለክፍል ተማሪ እንደሚያነቡ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፤ «ዘላቂ ግቦቼን ለማሳካት ስል አፋጣኝ እርካታን የማዘግየት ልማድ አለኝ።» ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን የጻፈው ሰው በሕይወት አለ?» አሉኝ።

እኔ ነኝ አልኳቸው። እንግዲያው አብረን እናስታመው ብለው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

አሠራራቸው ከየትም መጽሐፍ የተቀዳ አልነበረም። እያንዳንዱን ጥያቄ አንብበው «ይህን አጎንብሼ ነው ወይስ ቀና ብዬ የምጠይቀው?» ይላሉ። ፊት እያዩ ሊጠይቁት የሚያሳፍር ጥያቄ ሁሉ አጎንብሼ ከሚሉት ወገን ይመደብና እንደ አዲስ ይጻፋል። ጣፋጭ ምግብ ሳይ ራሴን መግታት ያቅተኛል የሚለውን የዕርዳታ ስንዴ ለሚጠብቅ ሰው እንዴት ነው የማነበው ብለው አንድ ጠዋት ሙሉ ተከራከሩኝ። የስምምነት ቅጹ ላይ «መረጃው በምስጢር ይያዛል» የሚለውንም እሳቸው ናቸው የለወጡት። «ያሉኝን ለማንም አላወራም፤ ለቤተሰብዎም ቢሆን» አሉት። ቆላ ያለች ሴት ባሏ ይሰማል ብላ ከፈራች እውነቱን አትነግርሽም አሉኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ይህችን ዓረፍተ ነገር በኋላ ስንት ጊዜ እንደረገምኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «ፈጽሞ አልስማማም» የሚለውን አምስት ደረጃ ማንም አልተረዳልንም። እትዬ ሰዓዳ አምስት የሻይ ብርጭቆ አምጥተው አንዱን ባዶ፣ አንዱን እስከ አፉ ሙሉ፣ መካከሉን በየደረጃው ውሃ ሞሉና ምን ያህል እንደሆነ በብርጭቆ ያሳዩኝ ማለት ጀመሩ። ግሩም ዘዴ ነበር። ሆኖም በሮቢት ሙቀት እንግዳ ፊት የቀረበ ውሃ ይጠጣል እንጂ አይመረጥም። የመጀመሪያው ተጠያቂያችን ሽማግሌ ሙሉውን ብርጭቆ አንሥተው በአንድ ትንፋሽ ጨለጡና መርቀውን አፋቸውን ጠረጉ። እኔ መልስ ነው ብዬ «በጣም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። እትዬ ሰዓዳ ሳቃቸውን በሻሻቸው አፍነው ብርጭቆውን እንደገና ሞሉት። ረመዳን ሲገባ ጿሚ ፊት ውሃ ማስቀመጥ ነውር ስለሆነ ብርጭቆውን ትተን ከአንድ እስከ አምስት በሚቆጠር የማሾ ፍሬ ቀየርነው።

እንዲህ እየሳቅን ስንሠራ አንድ ቀን ከአጣዬ ዙሪያ የመጡ ገበሬ ገጠሙን። «የጀመርኩትን ሥራ ሳልጨርስ አልተውም» የሚለውን ስናነብላቸው ባዶውን ብርጭቆ ወደ እኛ ገፋ አደረጉት። ማሾው ደርሶ ሊሰበሰብ ሲል ነው ጥዬው የወጣሁት አሉ። እኔ ዝቅተኛው ላይ ምልክት ላደርግ እስክሪብቶዬን ሳነሣ እትዬ ሰዓዳ እጄን ያዙት። ሰውዬው ከሄዱ በኋላ ነው የተናገሩኝ። ማሳውን የተወው ልጆቹን አዝሎ ነው፣ ይህ ራሱን መግዛት ያቃተው ሰው ነው ወይ አሉኝ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጥያቄ «አገር ሰላም በነበረ ጊዜ» በሚል ማሳሰቢያ እንድንጀምር አደረጉ። አንዲት ሴት ማሳሰቢያውን ሰምታ ስታበቃ የትኛው ጊዜ ነው እሱ ብላ ጠየቀችን። 

ነገሩ ሁሉ የመጣው «ሲከፋኝ ሰው ፊት እንዳላለቅስ ራሴን እይዛለሁ» በሚለው ጥያቄ ነው። አዎ ያለ ሰው ነጥቡ ይጨምራል፤ አለቅሳለሁ ያለ ይቀንሳል። እትዬ ሰዓዳ ለማረም ተራው ሲደርስ ይሄ ይውጣ አሉ። እንደማልችል ነገርኳቸው። የመጠይቁ ባለቤቶች የፈቀዱልኝ አንድም ጥያቄ እንዳይጎድል ብለው ነው፣ ቱርኮች እንኳ አላወጡትም አልኳቸው።

«ቱርኮች እስላም አይደሉ? ለቅሶ ቤት አያለቅሱም?» አሉኝ።

አላውቅም አልኩ።

«እዚህ አገር ሰው መሀል ያለቀሰ ይወጣለታል። እኛ የምንፈራለት ላላለቀሰው ነው። ያንቺ ወረቀት ግን ላለቀሰው ሐኪም ይልካል፤ ያላለቀሰውን ጎበዝ ብሎ ያልፈዋል።»

ነገሩን በቀልድ ላልፈው ፈለግሁ። ሥራ ስንጀምር ለልምምድ ብለን ቅጹን ፈርመን እሳቸውም መልሰው ነበርና በሁሉም ጥያቄ ሙሉ ነጥብ ነበር ያገኙት። እንደዚያ ያለ ነጥብ ያገኘ ሰው አላየሁም። እንግዲያው ከሁሉ የሚፈራው ለእርስዎ ነዋ አልኳቸው እየሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። በሩን አዩ። ጋሼ ይመር ውጭ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ወደ እኔ ጠጋ አሉና «ከማል ሞቷል» አሉኝ።

ከማል አንድ ልጃቸው ነው። አጣዬ ብየዳ ቤት የነበረው የሃያ ስድስት ዓመት ሰው። በዚያ የቃጠሎ ቀን ተለያዩ፤ በኋላ ጅቡቲ ገብቷል ይባላል እያሉ ነበር የነገሩኝ። በዚያው ቀን መሞቱን ማንም አልነገራቸውም። ያወቁት ጎረቤቶቻቸው መጠየቅ ሲተዉ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ያገኛቸው ሁሉ ከማል ደወለ ወይ ይላቸው ነበር፤ አንድ ሳምንት ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ማጀቴ ወንድማቸው ጋሽ አሊ ዘንድ ሄደው እውነቱን ንገረኝ ቢሏቸው እሳቸውም ነገሯቸው። መርዶውን ለሁለቱም ሊያረዱ ሽማግሌ ይዘው ሊመጡ ቀን ቆርጠው ነበር። እትዬ ሰዓዳ ለመኗቸው። ጋሼ ይመር የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ ሐኪሙ ድንገተኛ ነገር እንዳያሰሟቸው ብሎ አስጠንቅቋል። መርዶው ቀረ። መርዶ ያልተረዳ ሰው ደግሞ አያለቅስም። ልጁ በሕይወት እንዳለ ሁሉ ዱዓ አልተደረገለትም፣ ሰደቃም አልወጣለትም። እሳቸው ጠዋት ጠዋት የባለቤታቸውን ስልክ ቻርጅ ያደርጉና «ዛሬ ሊደውል ይችላል» ብለው ይሰጧቸዋል።

ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ደረቅ ነበር። ድምፃቸው አልተለወጠም። አልቅሱ እንጂ እትዬ፣ እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት አልኳቸው። ያበጠ ዓይን ይዤ ልግባበት እንዴ አሉኝ፤ ቀጥለውም ቀጣዩን ጥያቄ አነበቡ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የጋሼ ይመር ስም በዕጣ ከሚጠየቁት ውስጥ ወጣ። የራስን ቤተሰብ መጠየቅ ስለማይፈቀድ እትዬ ሰዓዳ ገበያ በሄዱበት እኔው ጠየቅኋቸው። ረመዳን ስለነበር ከፊታቸው አምስት የማሾ ፍሬ አስቀምጫለሁ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በአንድ ወቅት አጣዬ መናኸሪያ ተራ ያስከብሩ የነበሩ ሰው ናቸው። የለቅሶው ጥያቄ ላይ ስንደርስ አምስቱንም ፍሬ መዳፋቸው ላይ አድርገው አንድ በአንድ ቆጠሩና አምስቱንም ሰጡኝ።

«ልጄ፣ ለቤተሰብም አይወራም ያልሽው እውነት ነው?» አሉኝ።

እውነት ነው አልኳቸው።

እሳቸውም ያውቁ ነበር። የከማልን አስከሬን ያጠበ ሰው መስጊድ አግኝቷቸው የሚያውቁ መስሎት አላህ ያጽናዎት ብሏቸዋል። ለማንም እንዳይናገር አስምለውት ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ሚስታቸው ስልኩን ሲሰጧቸው እንደ ወትሮው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «ሰዓዳ እንዳትሰማ። ግፊት አለባት። የተሰደድን ቀን ብቻ ሁለቴ ነው የወደቀችብኝ፤ ይህን ከሰማች አትተርፍልኝም» አሉኝ። ለጋሼ ይመር፣ ጋሽ አሊ መርዶውን ያዘገዩት ለእህታቸው ጤና ሲሉ ይመስላቸው ነበር።

ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ። ዣንጥላዬን እዚያው ረስቼ በዚያ ፀሐይ ዋናው መንገድ ድረስ ሄጃለሁ። ሁለት ሰዎች በአንዲት ክፍል ውስጥ አንዱ ለሌላው ሲል የልጁን ሞት አፍኖ ይዟል፤ ሁለቱንም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለሁለቱም ደግሞ አላወራም ብዬ ፈርሜያለሁ።

አማካሪዬ ዘንድ ሄጄ ስም ሳልጠራ ነገርኩት። ነጥባቸው ስንት ነው አለኝ። ሁለቱም ሙሉ ነው አልኩት። ታዲያ ምን ሆኑ፣ ጥሩ ይዘውታል አለ። ቃሌን ካፈረስኩ የሰበሰብኩት ሁሉ እንደሚሰረዝ፣ መመረቂያዬም እንደሚቀር አስታወሰኝ። ወደ ባለሙያ እንዲላኩ ጠየቅሁ፤ ባለሙያዋ ነጥባቸው ዝቅ ያለውን ብቻ ነው የምታየው። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። አማካሪዬ ያን ሲለኝ ቀለል አለኝ። ደንቡ ይከለክለኛል ብሎ ዝም ማለት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ልጃችሁ ሞቷል ከማለት ይቀላል። ደግሞስ አንዳቸው እንደፈሩት ቢወድቁ ማን ይጠየቃል አልኩ። ሁለት ዓመት የደከምኩበትን ዲግሪም አስቤያለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሬያለሁ። ሮቢትን ልለቅ ሁለት ቀን ሲቀረኝ እትዬ ሰዓዳን፣ ጋሼ ይመር እርስዎ ከሚያስቡት በላይ ጠንካራ ይመስሉኛል፣ ቢነገራቸው ይችሉት ይሆናል አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ልጄን ወሰደብኝ፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ ተቀበልኩ። ባሌን በእጄ እንድገድለው ነው የምትፈልጊው?»

አይደለም እትዬ አልኩ። ከዚያ በላይ ግን አልገፋሁም። አንዲት ቃል ብጨምር ይበቃቸው ነበር፤ ብልህ ሰው ናቸው፣ ከፊቴ ያነቡት ነበር። ፊቴን አዞርኩ። የአውቶቡሱ ዕለት መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ፤ ሽንኩርትና ማሾ በፌስታል አስያዙኝ፣ ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ፣ ጥሩ አስተማሪ ይወጣሻል ብለው መረቁኝ። መጠይቁ ጸደቀ፤ እኔም ተመረቅሁ። የለቅሶው ጥያቄ በአማርኛ ጥሩ ይሠራል ተባለ። ከዚያ በየኢዱ እየደወልኩ፣ ጋሼ ደህና ናቸው ወይ እላለሁ፤ ደህና ነው፣ ልጁ ሲደውልለት ደግሞ ይበልጥ ደህና ይሆናል ይሉኛል። ጋሼ አጠገባቸው ሆነው ይሰሙ ነበርና።

ጋሽ አሊ በደወሉልኝ ማግስት ሮቢት ወረድኩ። ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶ ተተክሏል። ሸሆቹ ጮክ ብሎ ማልቀስ አይበጅም እያሉ ቢመክሩም ሴቶቹ ጥግ ይዘው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያለቅሳሉ። ጋሼ ይመር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ በጣም ከስተዋል። ተንበርክኬ አላህ ያጽናዎት ስላቸው እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ብዙ ሰው ገብቶ ወጣ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ በመጨረሻ። «ስለ ከማል ታውቅ ነበር?»

የፈረምኩትን ቃል አስታወስኩ። በዚያች ሰዓት እንኳ አስታወስኩት፤ እንደዚህ ነኝ። ከዚያ «ታውቅ ነበር፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ከመቼ?»

«ከእርስዎ በፊት።»

 «የሁለታችንንም ታውቂ ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢረግሙኝ በተሻለ ነበር። ጋሽ አሊ ነገሩ ገብቷቸው ልባቸውን ልባቸውን እያሉ ውሃ ሊያመጡ ተነሡ። ጋሼ ይመር ግን በሁለት እጃቸው ምንጣፉን ተደግፈው ተነሥተው ቆሙና የልጃቸውን ስም ጠሩ። «ከማል» አሉ። «ከማል ልጄ!» ሁለት ዓመት የታፈነ ስም ነበርና ሴቶቹ ብድግ አሉ፤ ጎረቤቶቻቸው፣ ያን ሁሉ ጊዜ እያወቁ ዝም ያሉት፣ የእትዬ ሰዓዳን ስምና የከማልን ስም እያፈራረቁ ማልቀስ ጀመሩ። ሸሆቹ ዝም በሉ አላሉም።

ጋሼ ይመር ቆመው፣ ትከሻቸው እየተናጠ፣ እንባቸው ጺማቸውን አልፎ እየወረደ አለቀሱ። እትዬ ሰዓዳ የፈሩለት ልብ አልቆመም። ብዙ ካለቀሱ በኋላ ደክሟቸው ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ልክ ልጅ እንደሚመከር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሳይቆጡ፣

«አብረን እናለቅስ ነበር'ኮ፣ ልጄ» አሉኝ።